ተጠርጣሪን በቴሌቪዥን ስለማሳየትና ስለ ሞት ቅጣት

ጠያቂያችን፣ «ጥፋተኛ ካልሆነ ፖሊስ ለምን በቴሌቪዥን ያሳየዋል? ለምንስ በሞት አይቀጣም?» ላሉት፣ መታየቱ ማስረጃ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ተከሳሽ እስኪፈረድበት እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት ይሰጠዋል። በቅርቡ ፒያሳ ቡና ስጠጣ፣ እጁ በካቴና የታሰረ ወጣት አንገቱን ደፍቶ በቴሌቪዥን ሲታይ አጠገቤ የተቀመጡት «ይሰቀል!» አሉ፤ ዜናው ግን «ምርመራው ቀጥሏል» ነበር የሚለው። ነገ የልደታ ፍርድ ቤት በነጻ ቢያሰናብተው፣ ያንን ምስል ከጎረቤቶቹ ልብ ማን ይፍቅለታል? ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117 እንኳ የሞት ፍርድ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው እንዳይፈጸም፣ በአደባባይ ስቅላትም እንዳይሆን ይከለክላል። እኔ ቅጣቱ ጨርሶ ቢቀር የምመርጠው፣ ዳኛ ከተሳሳተ የተገደለውን ሰው ይግባኝ ስለማይመልሰው ነው።