መልስ፦ ትንሽ ነገር ላይ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ይሰጣል ወይ?

ወንድሜ፣ «የሠራኋት ነገር ትንሽ ናት፣ ማሽን አይደለችም፤ ፓተንት ይሰጡኛል ወይ?» ላልከው፣ አዎ ይሰጣል። የሚታየው ትልቅነቱ አይደለም። አዲስ መሆኑ፣ የሙያው ሰው ሁሉ በቀላሉ የማይደርስበት መሆኑና ሥራ ላይ መዋል መቻሉ ነው።

መርፌ ቁልፍን እያት። አንድ ሽቦ ናት፣ በቃ። የፈለሰፋት አሜሪካዊው ዋልተር ሀንት ሽቦውን አንዱ ጫፍ ላይ ጠምዝዞ እንደ ሞላ እንዲገፋ አደረገው፤ ሌላው ጫፍ ላይ ደግሞ ሹሉ ገብቶ የሚደበቅበት ቆብ ሠራለት፣ ጣት እንዳይወጋ። በ1849 እ.ኤ.አ. ፓተንት ተሰጠው። እኔን የሚያሳዝነኝ መብቱን በ400 ዶላር መሸጡ ነው። ቬልክሮም (ጫማና ቦርሳ ላይ ተጣብቆ «ጭርር» ብሎ የሚላቀቀው ማያያዣ) እንደዚሁ ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው ጆርጅ ደ ሜስትራል ውሻው ፀጉር ላይ እንደ ጭጎጎት የተጣበቀ ፍሬ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ጥቃቅን መንጠቆዎች አገኘ፣ ሐሳቡ ከዚያ መጣ።

ፓተንቱ የሚቆይበት ጊዜ በአብዛኛው አገር ካመለከትክበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው፤ የሚሠራውም በተሰጠህ አገር ውስጥ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ማመልከቻ ሳታስገባ ቪዲዮ ቀርፀህ እንዳትለቅ። በብዙ አገር ራስህ የለቀቅከው ቪዲዮ «ይሄ አዲስ አይደለም» ተብሎ ይመጣብሃል።