ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የቶነር ዱቄት ፊቴ ላይ ቦነነብኝ፤ ያሰጋኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ካርትሬጁን፣ ማለትም የማሽኑን የቀለም ዱቄት (ቶነር) መያዣ፣ የምንሞላው ራሳችን ነን። ባለፈው ሳምንት ሠራተኛዬ የቶነሩን ጠርሙስ ሲከፍት አመለጠውና ዱቄቱ ፊቴ ላይ ቦነነ። ዓይኔም አፍንጫዬም ገባ። ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ጎረቤቴ «ወተት ጠጪ፣ ያረክሰዋል» አለችኝና ጠጣሁ። እስከ ማግስቱ አክታዬ ጥቁር ነበር። አሁን ደህና ነኝ፤ ግን ሰዎች ካንሰር ያመጣል ይሉኛል። የአራት ዓመት ልጄም ብዙ ጊዜ እዚያው ሱቅ ነው የሚውለው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እንኳን ደህና ሆኑ እህቴ።

ከካንሰሩ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ይመስለኛል። ቶነር በአብዛኛው እጅግ የላመ ፕላስቲክ ነው። ጥቁር የሚያደርገው ካርበን ብላክ የሚባል ጥቀርሻ ነው። ወሬው የመጣውም ከዚህ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካርበን ብላክን «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ፣ 2ቢ ውስጥ፣ አስቀምጦታል። ለዚህ ዋናው መነሻ ብዙ ጥቀርሻ ለረጅም ጊዜ እንዲተነፍሱ በተደረጉ አይጦች ላይ የታየ ዕጢ ነው። ቶነር ውስጥ ያለው ጥቀርሻ ደግሞ ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ነው የሚገኘው። አንድ ቀን ስለቦነነብዎት ካንሰር ይይዘኛል ብለው አይጨነቁ። እንዲያውም ለሳንባዎ ከሆነ የማገዶ ጭስ የበለጠ ያሳስበኛል።

አክታዎ መጥቆሩም አያስደንግጥዎ። የቶነር ቅንጣት ስፋቷ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይያዝና በንፍጥና በአክታ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፣ መናፈጥ፣ አፍን መጉመጥመጥ ይበቃል። ወተቱ አልጎዳዎትም፤ ግን ምንም አልፈየደም። ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ዱቄቱ የገባው ወደ መተንፈሻ።

የነጠላውን ነገር ግን አልወደድኩትም። ዱቄት የገባበት ዓይን ሲታሽ ሊጫር ይችላል። ለሌላ ጊዜ እጅዎን ታጥበው፣ ዓይንዎን ከፍተው፣ ንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ቀስ እያሉ ያፍስሱበት። የቧንቧው ውሃ ከሄደ የጀሪካን ንጹሕ ውሃ በኩባያ ይሆናል። የጡት ወተት ጠብ የሚያደርጉም አሉ፤ እሱ ይቅር። ከታጠበ በኋላ ዓይኑ መቅላቱና መቆርቆሩ ካልተወ፣ ብርሃን ካስቸገረዎት ወይም እይታዎ ከደበዘዘ የዚያኑ ቀን ይታዩ።

ቆዳንና ልብስን በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሙቅ ውሃ ፕላስቲኩን አለስልሶ ሊያጣብቀው ይችላል። ልብሱን መጀመሪያ ውጭ ያራግፉት። እድፉ ሳይለቅ ካውያ አያስነኩት፤ ከዚያ በኋላ አይለቅም። ቤንዚንና አልኮልም አያስፈልግም፤ ሳሙና ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔን የሚያሳስበኝ ያ አንድ ቀን ሳይሆን የየዕለቱ አሞላል ነው። ብዙ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ አይቻለሁ። ካርትሬጅ የሚሞላው ከባንኮኒው ጀርባ፣ በር ተዘግቶ ነው። ከጮቄ ተራራ የሚወርደውን ብርድ አውቀዋለሁ፤ በር መዝጋታችሁ አይገርመኝም። ግን የተረፈውን ዱቄት በአፍ እፍ ማለት ምን የሚሉት ነው? እፍ ያሉት ተመልሶ የሚገባው እዚያው አፍንጫ ውስጥ ነው። ለዓመታት በየቀኑ ብናኝ የሚስብ ሰው ሳልና የአፍንጫ መቆጣት አያጣውም፤ አስም ያለበት ደግሞ ይባስበታል።

ስለዚህ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ነፋስ በማይመታው በረንዳ ላይ ይሙሉ። ከሥር እርጥብ ጋዜጣ ያንጥፉ። ጓንት ያድርጉ። ማስኩ ኤን95 ቢሆን ይመረጣል፤ የኮሮና ጊዜው የጨርቅ ማስክ እንዲህ ያለውን ብናኝ በደንብ አይዝም። የፈሰሰውን በደረቅ መጥረጊያ አይጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ያንሱት። የቤት ቫኪዩም ክሊነርም አይሆንም። ብናኙ በማጣሪያው አልፎ ተመልሶ ይበተናል፣ በሞተሩ ብልጭታም ሊቀጣጠል ይችላል። በዚሁ ምክንያት የተረፈ ዱቄትና አሮጌ ካርትሬጅ ከቆሻሻ ጋር አይቃጠልም። አየር ላይ የተበተነ የቶነር ብናኝ እሳት ካገኘ ቦግ ይላል፤ ፊትና እጅ ያቃጥላል። በፌስታል ጠቅልለው፣ አስረው ያስቀምጡት። የሸጠልዎት ሰው የሚቀበል ከሆነ ይመልሱለት።

ካርትሬጅ በሚሞላበት ሰዓት ልጅዎ እዚያ አይሁን። ጠርሙሱንም ከፍ አድርገው ይቆልፉበት። ቀምሶት ቢያገኙት አፉን አጉመጥምጠው ውሃ ያጠጡት፤ ለማስመለስ ጣት አይክተቱበት። ትንሽ ከቀመሰ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። ካሳለው፣ ትን ካለው ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

እርስዎም ሠራተኛዎም የያዛችሁ ሳል ካልቆመ ወይም ደረታችሁ ሲር ሲር የሚል ከሆነ ታዩ። በተለይ በሥራ ቀን ብሶ እሑድ ሲያርፉ የሚሻል ሳል ካለ፣ ሐኪሙ ሳይጠይቅዎት «ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ነው፣ ቶነር እሞላለሁ» ብለው ይንገሩት። ያንን ካላወቀ ጉንፋን ነው ብሎ ሊሸኝዎት ይችላል።