ያገለገለ ሪፒተርን ስለመመርመር፦ ከአዳማ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

በአዳማ በጥበቃ፣ በጭነት ማመላለሻና በግንባታ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ያገለገሉ የመገናኛ ሬዲዮ ሪፒተሮችን አስመልክተው ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የምችለውን ያህል መልሻለሁ። ሪፒተር ስል ከእጅ ሬዲዮ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተቀብሎ በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ አጎልብቶ የሚያሰራጨውን መሣሪያ ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሻጩ ሪፒተሩን ሲያበራው መብራቱ በራ፤ በእጅ ሬዲዮ ስጠራውም መለሰልኝ። ይህ ለመግዛት በቂ አይደለም?

በቂ አይደለም። በሁለት ሜትር ርቀት የተያዘ የእጅ ሬዲዮ በጣም የተዳከመን መቀበያ እንኳ ይከፍታል፤ ጆሮው ሥር ሲጮኹበት የማይሰማ ሰው የለምና። ሻጩ ዘንድ ሲሄዱ የዋት መለኪያና ኃይሉን የሚችል ባለ 50 ኦም ደሚ ሎድ (በአንቴና ፋንታ ተሰክቶ ኃይሉን በሙቀት የሚውጥ መሣሪያ) ይያዙ፤ ማስተላለፊያው ያለማቋረጥ እንዲሠራ የተሠራ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላም ለ15 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ እንዲያስተላልፍ አድርገው ዋቱን ይከታተሉ። በ50 ዋት ጀምሮ ሲሞቅ ወደ 30 የሚወርድ ከሆነ ዋጋው የሚቀነስበት፣ ወይም ግዢው የሚቀርበት ምክንያት አግኝተዋል። ሁለት የመኪና ሬዲዮዎችን በማያያዝ የተሠሩ ሪፒተሮችም በገበያው ላይ አሉ። እነዚህ ለረጅም ንግግር ስላልተዘጋጁ ኃይላቸውን በግማሽ ቀንሶ ማሠራት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ማስተላለፍ ሲጀምር ጠፍቶ እንደገና ይነሳል።

ቮልቱን የሚለኩት ከፓወር ሰፕላዩ ላይ ሳይሆን ከራሱ ከሪፒተሩ መግቢያ ላይ፣ ያውም እያስተላለፈ ሳለ ይሁን። 50 ዋት የሚያወጣ ማስተላለፊያ 10 አምፔር አካባቢ ይስባል። 13.8 ቮልት የነበረው በዚያን ጊዜ ከ11 በታች ከወረደ ጥፋቱ የቀጠነ ሽቦ፣ የላላ ማሰሪያ ወይም የደከመ ፓወር ሰፕላይ ነው። ከንግግሩ ሥር የማያቋርጥ እምምታ የሚሰማ ከሆነ የፓወር ሰፕላዩን ያረጁ ካፓሲተሮች ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ ከተማ ውስጥ ያሉት በደንብ ይሰማሉ፤ ከሞጆ መንገድ የሚጠሩን ሾፌሮች ድምፅ ግን ቆረጥ ቆረጥ ይላል። መቀበያውን ለብቻው ስናስፈትሸው ጤነኛ ነው ተባልን።

ለብቻው ጤነኛ መሆኑን አምናለሁ፤ ችግሩ ለብቻው የማይሠራ መሆኑ ነው። ደህና መቀበያ የሩብ ማይክሮቮልት ያህል ሞገድ ይሰማል፤ በዚያው ካቢኔ ውስጥ ደግሞ 50 ዋት እየወጣ ነው። በአንድ አንቴና ላይ የሚወጣውንና የሚገባውን ሞገድ እያጣራ ሁለቱን የሚለያያቸው ዱፕሌክሰሩ ነው፤ እሱ ሲዳከም ሪፒተሩ በተናገረ ቁጥር ራሱን ያደነቁራል። ከሩቅ የመጣው ሞገድ መቀበያውን ይከፍታል፣ ማስተላለፊያው ይነሳል፣ መቀበያው ይደነቁርና ይዘጋል፣ ማስተላለፊያው ሲያርፍ ደግሞ ይከፈታል፤ ሾፌሮቻችሁ የሚቆራረጡትም በዚሁ ይመስለኛል።

ለማረጋገጥ ማስተላለፊያውን ያጥፉና አንድ ሰው የእጅ ሬዲዮውን በዝቅተኛ ኃይል ይዞ፣ ድምፁ ከመቀበያው ሹክሹክታ (ሽሽ ከሚለው ጫጫታ) ጋር እስኪደባለቅ ድረስ እንዲርቅ ያድርጉ። እርስዎ በሪፒተሩ መቀበያ ድምፅ ማጉያ እያዳመጡ ማስተላለፊያውን ያስነሱ። ሹክሹክታው ከጨመረ ወይም ሰውየው ከጠፋ መደንቆር አለ። ከዚያም አንቴናውን ነቅለው በቦታው ደሚ ሎድ ይተኩ፤ ደካማውን ሞገድ ከሲግናል ጀነሬተር (የሙከራ ሞገድ ከሚያመነጭ መሣሪያ) ወደ መስመሩ በሚቀላቅል ማገናኛ አስገብተው ፈተናውን ይድገሙት። መደንቆሩ ከቀረ ጥፋቱ ከዱፕሌክሰሩ ወዲያ፣ ማለትም ከገመዱ፣ ከአንቴናው ወይም በማማው ላይ ከዛጉ ማያያዣዎች ነው። ካልቀረ ዱፕሌክሰሩንና አጫጭር የውስጥ ገመዶችን ይመርምሩ። አንድ ጊዜ ለሁለት ቀናት ያደከመኝ ጥፋት የተገኘው ሽፋኑ በተበላ የአንድ ስንዝር ገመድ ላይ ነበር፤ እንዲህ ባለ ቦታ ሁለት ንብርብር መከላከያ ያለው ገመድ እንጂ ተራ ቀጭን ገመድ አይበቃም።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ዱፕሌክሰሩን ራሴ በካቻቢቴ ላስተካክለው?

መለኪያ ከሌለዎት አይንኩት። ያገለገለ ዱፕሌክሰር የሚመጣው በቀድሞው ባለቤት ፍሪኩዌንሲ ላይ ተስተካክሎ ነው፤ ዊንጮቹን በግምት ማዞር ማስተላለፊያውንም ሊጎዳ ይችላል። ናኖቪኤንኤ የሚባለው ርካሽ የእጅ መለኪያ የማሳለፊያውን መስመር ለመቃኘት ይረዳል፤ ዱፕሌክሰሩ ሌላውን ፍሪኩዌንሲ ምን ያህል እንደሚያፍን ግን በትክክል ለማየት አቅሙ ያንሳል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ማረጋገጫ ከላይ ባለው የመደንቆር ፈተና ይስጡ። ደህና ዱፕሌክሰርም 1 ዴሲቤል (የኃይል ብክነት መለኪያ) ያህል ይበላል፤ 50 ዋት ገብቶ 40 ቢወጣ አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ ኤስደብልዩአሩ (ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳየው ቁጥር) ከታች ሲለካ 1.2 ነው። አንቴናው ደህና ነው ማለት ነው?

ይህ ቁጥር ብዙዎችን ያሞኛል። ውሃ የገባበት ገመድ ወደ ላይ የሚሄደውንም ተመልሶ የሚመጣውንም ይውጣል። በአንድ መንገድ 10 ዴሲቤል የሚበላ ገመድ ጫፉ ላይ ምንም አንቴና ባይኖርም ከታች 1.2 ያሳያል። ስለዚህ ገመዱን ከላይ በደሚ ሎድ ዘግተው ምን ያህል ዋት እንደደረሰ ይለኩ። የአዳማ ነፋስ ኃይለኛ መሆኑን በኮረብታዎቹ ላይ የቆሙት የነፋስ ማመንጫዎች ይመሰክራሉ፤ በማማ ላይ የሚወዛወዝ ገመድ መጋጠሚያው ላልቶ ዝናብ ያስገባል።

ጥያቄ፦ ድምፁ ይሰባበራል፤ አንዳንዶቹ ሬዲዮዎች ደግሞ ጨርሶ አይከፍቱትም።

የቻናል ስፋት አለመጣጣም ሊሆን ይችላል። በ25 ኪሎኸርትዝ ቻናል ፍሪኩዌንሲው በድምፁ የተነሳ እስከ 5 ኪሎኸርትዝ፣ በ12.5 ቻናል ደግሞ እስከ 2.5 ኪሎኸርትዝ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ሁሉም በአንድ ይስተካከሉ። የማይከፍቱት ሬዲዮዎች ከንግግሩ ጋር የሚልኩት ንዑስ ቶን (ሪፒተሩን የሚከፍተው ዝቅተኛ ድምፅ)፣ ለምሳሌ 88.5 ኸርትዝ፣ ከሪፒተሩ ጋር አንድ መሆኑን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ አቧራውና ሙቀቱስ?

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ማቀዝቀዣውም በዚያው ልክ ይደክማል። ማራገቢያውን በየጊዜው ይጥረጉ።

ጥያቄ፦ ፈቃዱን በመጨረሻ ባወጣስ?

በፊት ያውጡት። ፍሪኩዌንሲ የሚፈቅደው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ዱፕሌክሰሩም የሚስተካከለው በተፈቀዱልዎ ሁለት ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ነው። አስቀድመው በግምት ካስተካከሉት ፈቃዱ ሲመጣ ለባለሙያው እንደገና መክፈልዎ አይቀርም።