የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አሮጌ የጦር ካሚዮን በቤት ሲታደስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከሠራዊት አገልግሎት ወጥተው በግለሰብ እጅ የገቡ አሮጌ ካሚዮኖችን የሚመለከቱ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ ተመሳሳይ የሆኑትንም አንድ ላይ አድርገን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ሠራዊት ከአገልግሎት አውጥቶ በጨረታ የሸጠውን ኤም 35 ኤ 2 የሚባል አንድ የአሜሪካ ጦር ካሚዮን ገዝቻለሁ። ለብዙ ዓመታት ሜዳ ላይ ቆሞ የኖረ ነው። ባትሪዎቹን ለውጬ ሞተሩን ካስነሣሁ በኋላ ግቢ ውስጥ እያንቀሳቀስሁ የቀረውን ቀስ በቀስ ለመሥራት አስቤአለሁ። የፍሬን ፔዳሉ ሲረገጥ ይጠነክራል፤ እግሬን ሳላነሣ ስቆይ ግን ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከየትኛውም ጎማ ሥር የፈሰሰ ነገር አላየሁም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከፍሬኑ ይጀምሩ፤ የፍሬኑ ሥራ ሳያልቅም ሞተሩን አያስነሡ። ሞተሩ ባይነሣ የሚከተለው ጉዳት ቢኖር የጊዜ ማባከን ብቻ ነው፤ ባዶውን 6 ቶን ገደማ የሚመዝን ካሚዮን ግን አልቆምም ካለ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ሲሄድም ቢሆን፣ በፊቱ ያገኘውን ሰውም ሆነ ግድግዳ ደፍጥጦ ያልፋል።

የዚህ ካሚዮን ፍሬን በአየር የሚታገዝ የዘይት ፍሬን ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ዘይቱን ይገፋል፤ ከሻንሲው ጋር የታሰረውና ኤር ፓክ የሚባለው ክፍል ደግሞ ኮምፕረሰሩ ያመቀውን አየር ተጠቅሞ ግፊቱን ያበዛውና በስድስቱም የጎማ ቦታዎች ወዳሉት ትናንሽ ፖምፓዎች ያደርሰዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባው የዘይቱ መስመር አንድ ብቻ መሆኑን ነው። ዛሬ በሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ላይ መስመሩ ለሁለት ስለሚከፈል አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል፤ በእርስዎ ካሚዮን ላይ ግን አንዲት ተጣጣፊ ቱቦ ከፈነዳች ሁሉም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ፍሬን ያጣሉ። ብዙ ባለቤቶች መስመሩን ለሁለት የሚከፍል ማሻሻያ የሚያስገጥሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ እኛም ካሚዮኑን መንገድ ላይ ሊነዱት ካሰቡ ከቀለምና ከወንበር በፊት ገንዘብዎን እዚህ ላይ እንዲያውሉት እንመክራለን።

ፔዳሉ ቀስ እያለ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ በዋናው ፖምፓ ውስጥ ያለው ጎሚኒ አርጅቶ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚያሳልፍ ነው። ዘይት ከውጭ ሳይታይ የሚጠፋባቸው ሌሎች ሁለት መንገዶችም አሉ። አንደኛው ኤር ፓኩ ሲሆን፣ በዘይቱና በአየሩ መካከል ያለው ጎሚኒ ሲያልቅ ዘይቱ ወደ አየሩ ክፍል ገብቶ ይጠራቀማል። ሁለተኛው በየታምቡሩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር በሚዞረው ክብ የፍሬን ብረት ውስጥ ያሉት ትናንሽ ፖምፓዎች ናቸው፤ የሚያፈሱት ዘይት ገና ወደ መሬት ሳይደርስ ታምቡሩን እየፈተገ የሚይዘውን የፍሬን ሸራ ያርሰዋል። ስለዚህ በዋናው ፖምፓ ላይ ያለውን የዘይት መጠን ምልክት አድርገው ይከታተሉ፦ ፔዳሉ እየወረደ መጠኑ ካልቀነሰ ዋናውን ፖምፓ፣ መጠኑ ከቀነሰ ኤር ፓኩንና ታምቡሮቹን ይጠርጥሩ። እኛ ግን ለዓመታት በቆመ ካሚዮን ላይ አንዱን ብቻ ጠግኖ መተውን አንመክርም። ጎሚኒዎቹ ሁሉ እኩል አርጅተዋልና፣ አዲሱ ግፊቱን መያዝ ሲጀምር ተራው የሚቀጥለው ደካማ ይሆናል። ተጣጣፊዎቹን ቱቦዎችም ከውጭ ደህና ቢመስሉ እንኳ ይለውጡ፤ ከውስጥ አብጠው መንገዱን የሚዘጉ ስላሉ ፔዳሉ ተለቅቆም ጎማው እንደተያዘ ሊቀር ይችላል።

አዲስ ዘይት ከመጨመርዎ በፊት በውስጡ ያለው ምን ዓይነት እንደሆነ ይወቁ። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተለመደው የግላይኮል ዘይት ወደ ሲሊኮን፣ ማለትም በፍሬን ዘይት ደረጃ ዶት 5 ወደሚባለው ስለተሸጋገረ ሁለቱንም ሊያገኙ ይችላሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ የተጨመረበትም አይጠፋም። መለያው ቀላል ነው። ንጹሕ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ሲጨምሩ ግላይኮሉ ከውኃው ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል፤ ሲሊኮኑ ግን ድቡልቡል ጠብታ ሆኖ ሳይቀላቀል ይንሳፈፋል። አዲስ ሲሊኮን ሐምራዊ ቀለም አለው፤ ሲያረጅ ግን ስለሚደበዝዝ በቀለሙ ብቻ አይፍረዱ። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 ሁሉም ግላይኮል ናቸው፤ ዶት 5.1 በስሙ ቢመስልም የዶት 5 ወገን አይደለም። ግላይኮል ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ መስፈርቱ ለዶት 3 የሚጠይቀው ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን 140 ነው፤ እርጥበቱ የብረት መስመሮቹንም ከውስጥ ያዝጋል። ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የሚሻገሩ ከሆነ መስመሩን በሙሉ አጥበውና ጎሚኒዎቹን ለውጠው እንጂ ላዩ ላይ በመጨመር አይሁን። የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ በዚህ መስመር ውስጥ ጨርሶ አይግባ፤ ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሸዋል።

ታምቡሮቹን ሲከፍቱ የሚያገኙትን አቧራ በአየር አይንፉ። በድሮዎቹ የፍሬን ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ስለነበረ በእርጥብ ጨርቅ መጥረጉ ይሻላል። ሸራው በወፍራም የማርሽ ዘይት ርሶ ከተገኘ ደግሞ ጥፋቱ የፍሬኑ ሳይሆን ከአክሰሉ የሚመጣውን ዘይት የሚያግደው ጎሚኒ ስለሆነ እሱ ሳይለወጥ አዲስ ሸራ አይግጠሙ።

ካሚዮኑ በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሳለ ሥሩ አይግቡ፤ በጠንካራ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ ያስቀምጡት፣ መሬት የነኩትንም ጎማዎች በሁለቱም በኩል በታኮ ያግዱ። የዚህ ካሚዮን የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ ነው። አንድ ጎማ ከመሬት ሲነሣ፣ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ያንን ጎማ በነፃ ስለሚያሽከረክረው ያ አክሰል ካሚዮኑን መያዝ ያቆማል፤ የኋላ አክሰሉ አንድ ብቻ በሆነ ካሚዮን ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ጨርሶ እንዳልተሳበ ይቆጠራል።

ሥራው ሲያልቅ ገና አየር በሌለበት ፔዳሉን በኃይል ረግጠው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይያዙ። አየር ሳይኖር ፔዳሉ በጣም ከባድ መሆኑ ተፈጥሮው ነው፤ መውረድ ግን የለበትም። ከዚያ ወዲህ የአየር ታንኮቹን ውኃ በሠሩበት ቀን ሁሉ ያፍስሱ። ለእርስዎ ካሚዮን የተጻፈው መመሪያ ቁጥሩ ቲኤም 9-2320-209 ሲሆን፣ ዘይቱን ከአየር አረፋ የማጽዳቱን ቅደም ተከተልና የየብሎኑን የማጥበቂያ መጠን ከዚያ ይውሰዱ። ካሚዮኑ የተሠራው በየጊዜው ተከፍቶ እንዲታይ ነው፤ በሠራዊቱ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ክፍል ነበረው፣ አሁን ያ ኃላፊነት የእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ የካሚዮኔ አንድ የኋላ ጎማ ቀስ በቀስ አየር ያጣል። ጎማው 9.00-20 የሚባለው ሲሆን ቸርኬው በብረት ቀለበት የሚቆለፍ ነው። ቤት ውስጥ ፈትቼ ልጠግነው እችላለሁ? በግራ በኩል ያሉትን ዳዶዎችስ ረጅም ቧንቧ ጨምሬም መፍታት ያቃተኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከዳዶዎቹ እንጀምር። በብዙ የጦር ካሚዮኖች ላይ፣ ኤም 35ን ጨምሮ፣ የግራው ጎን ጥርሶች የተገላቢጦሽ የተቆረጡ ናቸው። ስለዚህ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ሲዞሩ ይፈታሉ፤ እርስዎ በቧንቧ ሲታገሉ ይበልጥ እያጠበቋቸው ሊሆን ይችላል። ጥንድ በሆኑት የኋላ ጎማዎች ላይ ደግሞ የውስጠኛው ጎማ የራሱ ዳዶ ስላለው መልሰው ሲገጥሙ መጀመሪያ የውስጠኛውን፣ ቀጥሎ የውጪኛውን ያጥብቁ። በኋላ ለማጥበቅ ሲመለሱም የውጪኛውን ፈታ አድርገው የውስጠኛውን ካላጠበቁ ሥራው ለይስሙላ ይሆናል።

ወደ ቸርኬው ስንመጣ መልሳችን ጥንቃቄ የበዛበት ነው። ጎማው ሲሞላ ያንን ቀለበት ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል በቶን የሚለካ ነው። ቀለበቱ ዝጎ፣ ተጣምሞ ወይም ከቸርኬው ጋር የማይገጥም ሆኖ ሳለ አየር ከተሞላበት ይፈናጠራል፤ በፊቱ የቆመ ሰውም አይተርፍም። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የሠራተኞች ደኅንነት ደንብ፣ ከተመደበለት ግፊት 80 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ይዞ የተነዳ ጎማ ከአክሰሉ ሳይወልቅ አየሩ ጨርሶ እንዲለቀቅ ያዛል። የእርስዎም ጎማ አየር ሲያጣ የቆየ ስለሆነ አንዲት ዳዶ ሳይነኩ በቫልቩ ውስጥ ያለችውን መርፌ ያውጡ፤ ጥንድ ከሆነ የሁለቱንም ያውጡ። ድምፁ ካቆመ በኋላ ቀጭን ሽቦ በቫልቩ ቀዳዳ አስገብተው መንገዱ በዝገት ወይም በቆሻሻ አለመዘጋቱን ያረጋግጡ፤ ድምፅ አለመስማት ብቻውን አየር አለመኖሩን አያሳይም።

ጎማውን ከካሚዮኑ ማውለቅና መመለስ በቤት የሚሠራ ሥራ ነው። ቀለበቱን መፍታትና በተለይም መልሶ አየር መሙላት ግን ጎማው ሲሞላ የሚቀመጥበት የብረት አጥር ላለው የጎማ ባለሙያ መተው አለበት ብለን እናምናለን። በዚያም ቢሆን አየሩ የሚሞላው ከርቀት፣ በረጅም ቱቦና ራሱ ቫልቩን ነክሶ በሚይዝ አፍ ሲሆን የሚሞላው ሰው ከቀለበቱ ፊት መቆም የለበትም። አየር ያለበትን ቀለበት በመዶሻ መምታት፣ ጎማ የታሰረበትን ቸርኬ መበየድ ወይም በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም። በብሎን የተያያዙ ሁለት ግማሾች ያሉት ቸርኬ ካለዎት ደግሞ ግማሾቹን የሚያያይዙትን ብሎኖች ጎማውን ከአክሰሉ ጋር ከሚያስሩት ዳዶዎች ለይተው ይወቁ፤ ጎማው አየር እንደያዘ የመጀመሪያዎቹን መፍታት ሕይወት ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ካሚዮኔ በ24 ቮልት የሚሠራ ሲሆን ባለ 12 ቮልት ሬዲዮና ተጨማሪ መብራት ከአንዱ ባትሪ ላይ ስቤ አስሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ባትሪ ቶሎ ቶሎ ይደክማል፤ ሌላው ደግሞ ውኃው ያልቃል። ጀነሬተሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጀነሬተሩን ከመንካትዎ በፊት ያሰሩትን ሽቦ ያውጡ። ሁለቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ የታሰሩ ስለሆኑ የሚሞሉት በአንድ ጅረት ነው። ከአንዱ ብቻ ሲወሰድ እሱ ጎድሎ ይቀራል፤ ሌላው ከልኩ በላይ ይሞላና ውኃው ይፈላል። መፍትሔው 24 ቮልትን ወደ 12 የሚቀይር መሣሪያ ከሁለቱ ባትሪዎች ጫፍ ላይ ማሰር ነው። የተጎዱትን ባትሪዎች ሲለውጡ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ በዓይነትም በዕድሜም አንድ የሆኑ ይግዙ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ እየሠራ በሁለቱ ጫፎች መካከል 28 ቮልት አካባቢ ካነበቡ ጀነሬተሩ ጤነኛ ነው። ሽቦ ሲፈቱ መጀመሪያ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን የማሳ ሽቦ ያላቅቁ፤ ሲያስሩ ግን እሱ መጨረሻ ይሁን።

ጥያቄ፦ የኤም 35 ሞተር ያገኘውን ነዳጅ ሁሉ ያቃጥላል ሲባል ሰምቻለሁ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አጣርቼ ከናፍጣ ጋር ብቀላቅል ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። የሰሙት ነገር መሠረት አለው፤ ኤልዲቲ-465 የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 7.8 ሊትር ሞተር የተለያዩ ነዳጆችን እንዲቀበል ታስቦ የተሠራ ነው። ኢንጀክተሩ አብዛኛውን ነዳጅ በፒስተኑ አናት ላይ በተቆፈረው ድቡልቡል ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ይረጨዋል፤ ነዳጁ ከዚያ እየተነነ ቀስ በቀስ ስለሚቃጠል፣ የሞተሩም የማመቅ ልክ 22 ለ 1 የደረሰ ስለሆነ፣ በቀላሉ የማይቀጣጠለውንም ነዳጅ ይችለዋል። ነገር ግን ይህ ችሎታ የተሰጠው በጦር ሜዳ ናፍጣ ሲታጣ ካሚዮኑ እንዳይቆም ነው እንጂ ዘወትር እንዲሠራበት አይደለም። በተቃጠለ ዘይት ውስጥ ጥላሸት፣ የብረት ብናኝና አሲድ አለ፤ እጅግ ደቃቁ በማጣሪያ አልፎ ነዳጁን ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚገፋውን የኢንጀክሽን ፖምፓ ይበላዋል። ለዚህ ፖምፓ መለዋወጫ ማግኘት ከሁሉ የሚያስቸግር ስለሆነ በነዳጅ የተቆጠበው ገንዘብ ኪሳራውን አይሸፍንም። ንጹሕ ናፍጣ ይጠቀሙ።

ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ከነበረ ታንኩን አፍስሰው ይጠቡ፣ የነዳጅ ማጣሪያዎቹን ሁሉ ይለውጡ። በመጀመሪያው ማስነሣት ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በኢንጀክሽን ፖምፓው ውስጥ የነዳጁን መጠን የሚወስነው ዘንግ በአሮጌ ነዳጅ ሙጫ ተጣብቆ ሙሉ በሙሉ ክፍት እንደሆነ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ከተፈቀደለት 2600 ዙር በደቂቃ አልፎ ራሱን እስኪሰብር ይጮኻል። ስለዚህ ማጥፊያው ገመድ በነፃ እንደሚንቀሳቀስ አስቀድመው ይዩ፤ ከአየር ማጣሪያው የሚመጣውን ቱቦ ፈትተው አፉን የሚሸፍን ጠንካራ ጠፍጣፋ ጣውላ የያዘ ሰው በቅርብ ያቁሙ። ቀዳዳውን በእጅ ወይም በጨርቅ ለመሸፈን አይሞከር።

ጥያቄ፦ ዚል-131 የሚባለውን የሶቪየት ካሚዮኔን የዲፈረንሻል ዘይት ሳፈስ እንደ ወተት የነጣ ሆኖ አገኘሁት። ዲፈረንሻሉ ተበላሽቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ጥርሶቹና ኩሽኔታዎቹ መዛግ አለመዛጋቸው ግን ሳይታይ አይታወቅም። መጀመሪያ በአክሰሉ ላይ ያለችውን ትንሽ መተንፈሻ ይመልከቱ። በጭቃ ከተዘጋች፣ የሞቀ አክሰል ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃውን በጎሚኒዎቹ በኩል ይስባል። መተንፈሻዋን ያጽዱ፣ አዲስ ዘይት ሞልተው ጥቂት ከነዱ በኋላ ገና እንደሞቀ ያፍስሱት፤ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይህን ይደጋግሙ። በማፍሰሻው ቡሎን ጫፍ ላይ ደቃቅ ብናኝ ቢያገኙ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ በጣት የሚለቀም የብረት ስባሪ ካገኙ ግን ዲፈረንሻሉ መከፈት አለበት።