መልስ፦ ከልጆች ጋር እንጦጦ ፓርክ አንድ ቀን ይበቃናል?

እህቴ፣ ሁለት ልጆች ይዘሽ ከውጭ ስለመጣሽ፣ እንጦጦ ፓርክ አንድ ቀን ይበቃን እንደሆነ ጠይቀሻል። ሁሉንም ለማዳረስ አይበቃም፤ ለጨዋታ ግን ይበቃል።

ዋናው ነገር ልብስ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ታች ፒያሳ ፀሐይ ሆኖ እዚያ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። እኔ አንዴ በቲሸርት ሄጄ ቀኑን ሙሉ ሻይ ስጠጣ ዋልኩ! ዳገቱም ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ በመጣችሁ በማግስቱ አትውጡ፤ ሁለት ሦስት ቀን ከተማውን ልመዱ።

ፈረስ፣ ብስክሌት፣ ዚፕላይን (በገመድ ተንጠልጥሎ መንሸራተት) አለ። ለየብቻ ስለሚከፈል ልጆቹን አስቀድመሽ አስመርጫቸው፣ አለዚያ ኪስሽ ይራቆታል። ዚፕላይን ለትንሹ ላይፈቀድ ስለሚችል ቃል ከመግባትሽ በፊት ጠይቂ። በእኔ እይታ ግን ምርጡ ነጻው ነው፦ በባሕር ዛፉ መሐል የእግር ጉዞ። በማለዳ ከደረሳችሁ ሯጮች ሲለማመዱም ታያላችሁ።

እሑድ ይጨናነቃል፣ በአዘቦት ቀን ይሻላል። ጊዜ ከተረፋችሁ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያም እዚያው አካባቢ ናት። ነጠላ መያዝ አትርሺ።