ከበሩ ማዶ ያለው ሒሳብ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ወጣቶች ልብወለድ ጥያቄ ላኩልን ባልነው መሠረት ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሐዋሳ ናቸው። የሚጠይቁትም ስለ አንድ ዓይነት ታሪክ ነው፦ ጓደኛሞች በሆነ በር በኩል ወደ ሌላ ዓለም ይሻገራሉ፣ አንድ ነገር ፍለጋ ይንከራተታሉ፣ ይመለሳሉ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በታሪኬ አምስት ጓደኛሞች ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሲጫወቱ ድንገት ኃይለኛ ብርሃን ይወርድና ሌላ ዓለም ይወስዳቸዋል። የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ልጆች «ብርሃኑ ከየት መጣ?» እያሉ ያሾፉብኛል። ምን ላድርግ? (ሰ.መ.፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ብርሃኑን ሰርዢው፤ ክበቡ ልክ ነው። በር በር የሚሆነው የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚከፍተውና ምን እንደሚያስከፍል ሲታወቅ ነው። ያንቺ ብርሃን ከአራቱ አንዱንም አይመልስም፤ ስለዚህ አንባቢ ልጆቹ ሲጨነቁ አይጨነቅም። ብርሃኑ እንደመጣ ይመጣና ያወጣቸዋል ብሎ ያስባላ!

የት ለሚለው ሩቅ አትሂጂ። ሐይቁ ራሱ እንቆቅልሽ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ የሚባለው ነው፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። መውጫ የሌለውን ሐይቅ ፀሐይ ውሃውን እያተነነች ጨውና ሶዳውን ታስቀርበታለች፤ ሻላና አቢያታ እንዲህ ሆነው የቀሩ ናቸው። የሐዋሳ ውሃ ግን እንደነሱ አይደለም። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ውሃው ከሥር በመሬት ስንጥቅ እየሰረገ ይወጣል ብለው ያስረዳሉ። ያንን መንገድ በዓይኑ ያየ ሰው የለም። በርሽን እዚያ አድርጊው።

መሪም አለልሽ። አምባዛ የሚባለው ዓሣ ቅርፊት የለውም፣ ሪዛም ነው፣ እርጥበት እስካገኘ ድረስ ከውሃ ወጥቶም አየር እየሳበ ይቆያል። በሁለት ዓለም መተንፈስ የሚችል ፍጡር ፈጥረሽ ልትደክሚ አይገባም። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጠዋት፣ የተዘረገፈው ቆሮሶ ዓሣ ሁሉ ጸጥ ብሎ፣ አንድ አምባዛ ብቻ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ጻፊ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የተጣለውን ሆድ ዕቃ እየተሻሙ ወደሱ ሲደርሱ ግን ዞር ይበሉ። ሌላ ምንም አትጨምሪ። ልጅቷ ጎንበስ ትላለች፣ አንባቢም አብሯት ጎንበስ ይላል።

መቼ ለሚለው ከራሳችን አቆጣጠር የተሻለ አታገኚም። ጳጉሜ 6 የሚመጣው በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው። በ2015 ነበረ፤ ቀጣዩ በ2019፣ ከዚያ በ2023 ነው። በርሽ በዚያ ቀን ብቻ ከተከፈተ በ13 ዓመቷ ገብታ የመመለሻው ሰዓት ያመለጣት ልጅ የምትወጣው በ17 ዓመቷ ነው። የክፍል ጓደኞቿ ማትሪክ ሊፈተኑ ደርሰዋል፣ እሷ ገና 8ኛ ክፍል ናት። አንዳንዶች ጳጉሜ 3ን፣ ርኅወተ ሰማይን ተጠቅመው ልከውልናል። ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ስለሆነ ያምራል፤ ነገር ግን በየዓመቱ የሚመጣ ቀን ስለሆነ ያመለጠው ልጅ ያን ያህል አይደነግጥም።

ማን ይከፍተዋል? ከአምስቱ አንዱ ብቻ ይሁን፣ እሱም ጎበዙ አይሁን። ዋጋውን ደግሞ መግቢያው ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ አክብጂው። በነፃ የገቡ ልጆች ሳያውቁ ይገባሉ፤ ሲወጡ ግን እያወቁ ይመርጣሉ፤ ልብ የሚሰቅለው ይሄኛው ነው። በዚህ ምክንያት መጀመሪያ መጻፍ ያለበት የመጨረሻው ምዕራፍ ነው፦ ማን ተመለሰ፣ ምን ትቶ ተመለሰ፣ ማን እንቢ አለ። የላክሽልን 60 ገጽ ውስጥ ስለ መመለስ አንድ መስመር የለም።

አንድ ነገር እንጨምር። ልጆቹን በጨለማ ሐይቅ ዳር እያንሸራሸርሽ ነው። ጉማሬ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር የሚወጣው ማታ ነው። ወይ ሰዓቱን ወደ ንጋት ውሰጂው፣ ወይ ጉማሬው ይኑር።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ የምነግራቸውን ተረት ወደ መጽሐፍ ልለውጠው ነው። ልጆቹ በሾላው ግንድ ቀዳዳ ተራ በተራ ይገባሉ፣ ማዶ ሦስት ዓመት ይከርማሉ፣ ሲመለሱ እናታቸው ያፈላችው ቡና ገና በረካ ላይ ነው። ትልቁ ልጄ «አይሆንም» አለኝ፤ ለምን እንደማይሆን ግን ማስረዳት አቃተው። (ተ.ወ.፣ ታቦር)

መልስ፦ ልጅዎን ያስቸገረው ሒሳቡ ነው፣ እውነትም አለው። ከአቦል እስከ በረካ 90 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ሦስት ዓመት 1,095 ቀን ነው። ሲካፈል የቤትዎ አንድ ደቂቃ ማዶ 12 ቀን ያህል ይሆናል፤ አምስት ሴኮንድ አንድ ቀን ማለት ነው። አሁን አምስቱን ልጆች ግንዱ ሥር ያሰልፏቸው። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ በየ10 ሴኮንዱ አንድ ልጅ ይገባል። ሁለተኛው ሲደርስ የመጀመሪያዋ ሁለት ቀን ጠብቃለች፤ አምስተኛው ሲደርስ ስምንት ቀን። አንዱ የጫማውን ክር ሊያስር አንድ ደቂቃ ከዘገየማ 12 ቀን ጠፋ! በእርስዎ ተረት ግን ሁሉም ማዶ ሲደርሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው።

ከሁለት አንዱን ይምረጡ። አንደኛው ስህተቱን ራሱን ታሪክ ማድረግ ነው። ቀድማ የገባችው ልጅ ስምንት ቀን ምን በላች? ከማን ጋር ተዋወቀች? ሌሎቹ እየሳቁ ሲደርሱ ፊቷ ምን ይመስላል? እኛ ብንሆን ይህን እንመርጥ ነበር። ካልተመቸዎት ልዩነቱን ያጥብቡት። የእኛ አንድ ሰዓት ማዶ አንድ ቀን ቢሆን 10 ሴኮንዱ አራት ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ዓርብ ማታ ገብተው እሑድ ማታ ቢወጡ 48 ቀን አላቸው። ለቤተሰብም «አያታቸው ጋ አደሩ» ማለት ይቻላል፤ አያትየው ምስጢሩን ማወቅ አለባቸው እንጂ።

48ቱን ቀን ደግሞ ይመንዝሩት። 12ቱን ለሕመም፣ ለእስርና ለዝናብ ይተዉ። ከቀሪው 36 ግማሹ መሄጃ፣ ግማሹ መመለሻ ነው። ልጆች ዕቃ ተሸክመው መንገድ በሌለበት አገር በቀን 15 ኪሎ ሜትር ከሄዱ ጎበዞች ናቸው። በ18 ቀን 270 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ያህል። ለእነዚህ ልጆች የማዶው ዓለም ከዚያ አይሰፋም። የላኩልን ካርታ ላይ ያሉትን ሰባት መንግሥታት ወደ ሁለት ያውርዷቸው።

ስንቅ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። ልጆቹ በየምዕራፉ ይበላሉ፣ ምግቡ ከየት እንደመጣ ግን አይታወቅም። በሶ እሳት ስለማይፈልግ ጥሩ ስንቅ ነው፤ በውሃ ይበጠበጣል ወይም በጨው ይጨበጣል። ለሚጓዝ ልጅ በቀን ግማሽ ኪሎ ብንመድብ ለአምስት ልጅ በ48 ቀን 120 ኪሎ፣ ከኩንታል በላይ ይሆናል። የ13 ዓመት ልጅ ብርድ ልብስና ውሃ ይዞ ከሁለት ኪሎ በሶ በላይ ቢሸከም ትከሻው አይችልም። ለአምስቱ 10 ኪሎ ነው፣ የአራት ቀን ምግብ። በአምስተኛው ቀን ከማዶ ሰው ጋር መገበያየት፣ መለመን ወይም መስረቅ ግድ ይላቸዋል። ብራችን እዚያ አይሠራም። ምን ይሸጣሉ? ጨው? የደብተር ወረቀት? ከአንዷ ጆሮ ላይ ያለችውን የእናቷን ጉትቻ? ዘንዶውን ከማምጣትዎ በፊት ይህን ይጻፉ፤ ዘንዶ ሳይመጣም ልጆቹ የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጀግናዬ ዋሽንት ስትነፋ በር ይከፈታል፣ ጠላት ይተኛል፣ ቁስል ይድናል። ጓደኛሞቹ የሚዞሩባቸው አራት ዓለማት አሉ። ያነበቡልኝ ሁሉ «መሐሉ ላይ ሰለቸን» አሉኝ። (ኤ.ጌ.፣ አላሙራ)

መልስ፦ ሁሉን የሚችል ዋሽንት እያለ ማን ይሰጋል? ዋሽንቱ በእውነት የማይችለውን ተመልከትና ሕጉን ከዚያ አውጣ። የተለመደው ዋሽንት አራት ቀዳዳና አምስት ድምፅ አለው። እንደ ክራር በማጥበቅና በማላላት አይቃኝም፤ አንዴ ከተበሳ ተበሳ። ዋሽንተኞች የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ብዙ ዋሽንቶች ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው። አራት ዓለም አለህ፣ አራት ቅኝት አለህ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ለያንዳንዱ ዓለም አንድ ቅኝት፣ ለያንዳንዱ ቅኝት አንድ ዋሽንት መድብ። ከዚያ አንዱ ልጅ ሳያይ ቦርሳው ላይ ይቀመጥና የአንቺሆዬው ይሰንጠቅ። የታሰሩት ጓደኞቻቸው ያሉት እዚያ ዓለም ውስጥ ነው። አዲስ ለመሥራት ሸምበቆ መቁረጥ፣ ማድረቅና መብሳት ያስፈልጋል። ያልደረቀ ሸምበቆ ተበስቶ ሲደርቅ ይጨማተራል፣ ድምፁም ይዛባል፤ በተዛባ ድምፅ የሚከፈተው በር ደግሞ ወደ የት እንደሚያስገባ አንተ ታውቃለህ።

ማስተኛቱንና ማዳኑን ከዋሽንቱ ውሰድ። ማዳኑ የግድ ካስፈለገ ለሌላ ልጅ ስጠው፣ እሱም ባዳነ ቁጥር አንድ ነገር ይጉደልበት። ምን እንደሚጎድል ከመጀመሪያው መዝግበህ ያዝ፤ በምዕራፍ 4 ማየት ያቃተው ልጅ በምዕራፍ 9 ከሩቅ ምልክት ሲያነብ አይተናል።

ጥያቄ፦ አምስቱ ልጆቼ ሲያወሩ አንድ ሰው ይመስላሉ። (ቤ.፣ አረብ ሰፈር)

መልስ፦ ከአምስቱ አንዱን ቀንሺ፤ ብዙ ጊዜ ምንም ሳያወራ ከኋላ የሚከተል አንድ ልጅ አለ። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድን ችግር የሚያዩበት መንገድ ይለያይ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ፦

«ድልድዩ የለም።»
«አለ፤ ውሃው ውስጥ ነው።»
«እኔ ልቅደም?»
«አንተ ዝም በል፣ ባለፈውም ጫማችንን ያስወሰድከው አንተ ነህ።»

ማን ምን እንዳለ ስም ሳይጻፍ ይለያል። አክብሮቱንም ተጠቀሚበት። የበሩን ጠባቂ ሽማግሌ ሁሉም «አባባ፣ እርስዎ» እያሉ ቆይተው አንዷ ድንገት «አንተ» ስትላቸው ሌሎቹ ደንግጠው ይያያሉ። ውሸታቸውን እንደደረሰችበት ለመናገር ሌላ አረፍተ ነገር አያስፈልግሽም።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። የፍቼ ጫምባላላን ሁሉቃ የአስማት በር ባደርገው ነውር ይሆናል? (ደ.፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ አናድርገው እንላለን፣ ግን ከታሪኩ አያውጡት። ሁሉቃ ከእርጥብ እንጨትና ቀርከሃ የሚሠራ መተላለፊያ ነው፤ ቤተሰቡ ከነከብቱ በሥሩ አልፎ ከአሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ ይሻገራል። በዓሉ ዛሬም የሚከበር፣ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ የሲዳማ ሕዝብ ቅርስ ነው። ጭራቅ የሚወጣበት ጉድጓድ ከተደረገ ባለቤቶቹ ቢቀየሙ ይፈረድባቸዋል?

ጠቃሚው ነገር ያለው ቀኑ ላይ ነው። የፍቼን ቀን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ሰማይ አንባቢ ሽማግሌዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው ነው የሚለዩት፤ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካላንደር ላይ ቁርጥ ያለ ቀን የለውም። የእርስዎ በር የሚከፈትበት ሌሊት ከዚያ ቀን ጋር ከተያያዘ ልጆቹ ስልካቸውን ከፍተው ሊያውቁት አይችሉም። ሽማግሌ ፊት ቀርበው፣ ጠይቀው፣ መልሱን መጠበቅ አለባቸው፤ ችኩሉ ልጅ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በሩን ራሱን ሌላ ቦታ ያድርጉት፣ ልጆቹም ከሁሉቃው ሥር ከቤተሰብ ጋር እንደማንኛውም ሰው ይለፉ። ረቂቁን ከማሳተምዎ በፊት ባህሉን ለሚያውቁ ሁለት ሦስት የሲዳማ ሽማግሌዎች ያስነብቡ።

ጥያቄ፦ ስንት ገጽ ይበቃል? ካርታስ ይግባ? (ከብዙ አንባቢዎች)

መልስ፦ ለዚህ ዕድሜ 30 ሺህ ቃል ገደማ ይበቃል፤ በኤ5 መጠን በ12 ነጥብ ፊደል 150 ገጽ ያህል ይወጣዋል። ማተሚያ ቤት አንዱን ትልቅ ወረቀት አጥፎ 16 ገጽ ስለሚያወጣ ድምሩን በ16 በሚካፈል ቁጥር ላይ አሳርፉት፣ 144 ወይም 160። 153 ገጽ ይዛችሁ ብትሄዱ ሰባት ባዶ ገጽ ይቀራል፤ ካርታው እዚያ ይግባ። ሁለት ገጽ ላይ ከተዘረጋ ግን መሐሉን ጥርዙ ይውጠዋልና ዋና ከተማውን እዚያ አታስቀምጡት።