የመጀመሪያ ሴሚስተር 2.33 ላመጣችው እህቴ

እህቴ፣ እዚህ የለጠፍሽውን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። 12ኛ ክፍል ከ600 470 አምጥተሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ መርቆ ሸኝቶሽ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ግሬድ ሲለቀቅ ከ4 2.33 ሆነብሽ። ለእናትሽ አልነገርሽም፣ ከዶርም መውጣት አስጠልቶሻል፣ "ዊዝድሮው (ትምህርት የማቋረጫ ፎርም) ሞልቼ ልመለስ ወይ?" ብለሽ ጠይቀሻል። የእኔም የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት) ግሬድ ከዚህ ብዙ የሚሻል አልነበረም። ከተመረቅሁ በኋላ ደግሞ ለእህቶቼና ለጎረቤት ልጆች ማትስ ሳስጠና እንዳንቺ የደነገጡ ብዙ ልጆች አጋጥመውኛል። መልሴን ሳላንዛዛ ልንገርሽ፤ በዚህ ግሬድ ምክንያት አትውጪ።

መጀመሪያ ቁጥሩን በልኩ እንየው። የጻፍሻቸው ስድስት ኮርሶች ባለ 3 ክሬዲት ናቸው። እንግሊዝኛ ቢ፣ ሳይኮሎጂ ቢ ማይነስ፣ ሎጂክ ሲ ፕላስ፣ ፊዚክስና ጂኦግራፊ ሲ፣ ማትስ ሲ ማይነስ። የእያንዳንዱ ፊደል ነጥብ በክሬዲት ተባዝቶ ሲደመር 42፣ ለ18 ሲካፈል 2.33። ማትስ ብቻውን ቢ ቢሆን ኖሮ 2.54 ይሆን ነበር። ሁለተኛውን ሴሚስተር በዚሁ ክሬዲት 3.2 ብታመጪ ሲጂፒኤሽ (የሁሉም ሴሚስተር አማካይሽ) 2.77 ይገባል። ትምህርትሽ አራት ዓመት ከሆነና የቀሩትን ሰባት ሴሚስተሮች በአማካይ 3.3 ብትይዢ፣ 3.18 ገደማ ይዘሽ ትመረቂያለሽ። ከ2.00 በላይ ስለሆንሽ ስምሽ ዋርኒንግ (ውጤታቸው ዝቅ ላለ ተማሪዎች የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ) ውስጥ እንኳ የለም።

አንድ የሚጎዳሽ ቦታ ግን አለ፣ እሱን ልደብቅሽ አልፈልግም። ዲፓርትመንት ሲመደብ የፍሬሽማን ውጤት ከ12ኛ ክፍል ውጤት ጋር ተደምሮ ይታያል። ሕክምናን የመሰለ ብዙ ሰው የሚሻማበትን ዲፓርትመንት ከፈለግሽ 2.77 ላይበቃሽ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫሽን ከአሁኑ በደንብ አስቢባቸው፤ እዚያ ያሉ ሲኒየሮችን ምን እንደሚማሩና ተመርቀው የት እንደሚቀጠሩ ጠይቂ። የመጨረሻው ቀን ላይ በድንጋጤ የሚሞላ ፎርም ነው ኋላ የሚያስቆጨው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። "እስከ እኩለ ሌሊት ላይብረሪ እየቆየሁ ነው ይህ የመጣው" ብለሻል። አምንሻለሁ፤ ጉብዝናሽም የትም አልሄደም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከሞላ ጎደል የምርጫ ጥያቄ ነው። ለዓመታት ትክክለኛውን ፊደል ፈልጎ ማጥቆር ስንለማመድ ቆይተን፣ ካምፓስ ስንገባ ማትስና ፊዚክስ ወርክአውት (አሠራሩን ጽፎ ማሳየት) ይሆናሉ፤ ማርኩ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ይህን ለውጥ ቁጭ አድርጎ የሚነግር ሰው ስለሌለ ጎበዝ የተባለው ልጅ ነው ቀድሞ የሚደነግጠው።

እኔ ይህን ያየሁት ወረቀቴ ላይ ነው። ግሬድ እንደተለቀቀ ኢንስትራክተሩ ቢሮ ሄጄ የማትስ ፋይናሌን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። "በማቲማቲካል ኢንዳክሽን አረጋግጡ" የሚል ባለ 8 ማርክ ጥያቄ አለ። ቀመሩ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እንደሚሠራ አንድ በአንድ አሳይቼ ጨርሻለሁ፤ ከጎኑ በቀይ 2 ተጽፏል። "እነዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ለ1 መሥራቱን ካሳየሽ በኋላ፣ ለማንኛውም አንድ ቁጥር ይሠራል ብለሽ ተነሥተሽ፣ ለሚቀጥለውም የግድ እንደሚሠራ ስታሳዪ ነው ያረጋገጥሽው" አለኝና ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ሁለት መስመር ጻፈልኝ። ያ ሁሉ ሌሊት ያነበብኩት ሃንዳውት ያላስገባልኝ ነገር በሁለት መስመር ገባኝ። ገጹን ስንገለብጠው የጎደለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ መልሱ አለ፣ የአሠራሩ ደረጃ የለም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሄደሽ ወረቀትሽን እዪ። ለጠብ አይደለም፤ ትሕትና ባለው ቃል "የት እንደጎደለብኝ ማየት ፈልጌ ነው" በይው። ድምሩ ተሳስቶ ካገኘሽው ደግሞ ቅሬታ ማቅረብ መብትሽ ነው፣ ግን የቀን ገደብ ስላለው ሬጅስትራር ጠይቀሽ ቶሎ አስገቢ። ከዚያ በኋላ አጠናንሽ ራሱ ይለወጣል። ሃንዳውቱን አንብበሽ ዝጊው፣ ባዶ ወረቀት ላይ ጥያቄውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥሪው፣ ከዚያ አመሳክሪ። ሎጂክም እንዲሁ ነው፤ የፋላሲዎቹን (የተሳሳቱ የክርክር መንገዶችን) ስም መሸምደድ አይጠቅምም፣ ከሰው ንግግር ውስጥ መርጦ ማውጣት ነው ሥራው። የድሮ ፈተና ከሲኒየር ተቀበዪ፣ መልሱን ሳታዪ በሰዓት ተፈተኚበት።

ኩዊዝና አሳይንመንቱንም አትናቂ። በብዙ ካምፓስ ግማሽ ያህሉ ማርክ ፋይናል ሳይደርስ ነው የሚያልቀው፤ ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ላይ የተጎዳ ልጅ ፋይናልን ብቻውን ተሸክሞ መነሣት ይከብደዋል።

እናትሽን በተመለከተ፣ ዛሬ ማታ ደውዪላት። እኔ ለእናቴ ስነግራት የጠየቀችኝ "አባረሩሽ እንዴ?" ብላ ነው፤ አይ ስላት "ታዲያ እህል ብዪ" አለችኝ። ያንቺ እናት ልትቆጣ ትችላለች፣ ቢሆንም ካንቺ አፍ ስትሰማው ይሻላል። የሚከብድሽ ከሆነ መጀመሪያ ለታላቅ ወንድምሽ ወይም ለአክስትሽ ንገሪ።

"ሰው ማየት አስጠላኝ" ያልሽው ግን ከግሬዱ በላይ አሳስቦኛል። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ፣ ወይም በራስሽ ላይ ክፉ ሐሳብ ከመጣብሽ፣ አንድም ቀን ሳታሳድሪ ለዶርም ጓደኛሽ ንገሪና አብራችሁ ካውንስሊንግ ቢሮ ወይም የተማሪዎች ክሊኒክ ሂዱ። ለጤናሽ ስትዪ ማረፍ ካስፈለገሽ ዊዝድሮው ሞልተሽ መውጣት ነውር የለውም፤ ፎርሙን ሳትሞዪ ዕቃሽን ይዘሽ ግን አትሂጂ፣ ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት) ስትጠይቂ ትቸገሪያለሽ።

የምትቀጥዪ ከሆነ፣ አፕላይድ ማት ሊጀምር ስለሆነ የፋንክሽን ምዕራፍን ከአሁኑ ከልሺው፤ ሊሚትና ዴሪቬቲቭ እሱ ላይ ነው የሚቆሙት። ያስቸገረሽን ጥያቄ ከነሙከራሽ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊ፣ ማታ ማታ ስገባ አብረን እንሠራዋለን።